ግዝት ለማስፈታት የሄድሁበት ቀን

ስኳርን በዓመት አንዴ፣ ያውም እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚቀምስ የደብተራ ልጅ በስኳር በሽታ ተያዘ ቢባል ሳቃችሁ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ሐኪሙ በአስተርጓሚ ሲነግረኝ ስቄ ነበር። «ተሳስተዋል፣ እኛ ቤት የሚበላው ሽሮ ነው» አልሁት። አስተርጓሚው ይህን ሳይተረጉምልኝ ቀረ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ጣልያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ያደግሁት ጎንደር፣ በደጀ ሰላም ነው። አባቴ ድጓ ያስተምር ነበር፤ እኔም እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ስጮህ ኖሬ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ተሻገርሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ውሃ ጥሙ ያዘኝ። እንስራ ሙሉ ጠጥቼ የማልረካ፣ የበላሁት ሰውነቴ ላይ የማይታይ፣ ሱሪዬን በገመድ የምጠፍር ሰው ሆንሁ። ሐኪም ቤት አንድ ወር ተኝቼ ስወጣ በቦርሳዬ የመስተዋት መርፌና ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት የያዙ ብልቃጦች፣ በጆሮዬ ደግሞ የአንዲት ሲስተር ምክር ይዤ ነበር።

«አዲሱ፣ ስማኝ» አለችኝ። «ይኼ መድኃኒት የዕለት ነው፤ ዕድሜ ልክህን ነው። ከወጋህ በኋላ እህል ካልቀመስህ ግን ራሱ መድኃኒቱ ይገድልሃል። ስለዚህ ከወጋህ፣ ታቦት ቢመጣም ብላ። ላብ ላብ ካለህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ስኳር አፍህ ውስጥ ጣል። ደግሞ ከሚያስል ሰው ራቅ። ላንተ ጉንፋን እንደሌላው ሰው ጉንፋን አይደለም።»

የታቦቱን ነገር ስትናገር አማተብሁ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ በአስተማሪነት ተቀጥሬ ጃናሞራ ተላክሁ። እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው። ትምህርት ቤቷ ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ርቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ብርዱ ለእኔ ክፉ ቢሆንም ለመድኃኒቴ ተስማማው። እትዬ ደስታ የምትባል መበለት ቤቷን ከፍላ አንዱን ጓዳ ሰጠችኝ፤ እሷ ከአራት ዓመት ልጇ ከሙሉ ጋር በወዲያኛው በኩል ትኖራለች።

በሽታዬን ለማንም አልተናገርሁም። በመካነ ብርሃን አንዲት ልጅ ታጭታልኝ ነበር፤ በየማለዳው ጭኑን በመርፌ የሚወጋ አማች ማን ይወዳል? ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ውብነህ እንኳ አልነገርኋቸውም። በሽታ ኃጢአት አይደለም፣ ምኑን እናዘዘዋለሁ እያልሁ ራሴን አታልል ነበር። በጾም ቀን ጠዋት በሬን ዘግቼ በሶዬን እበላለሁ፤ አፌን ጠርጌ ስወጣ ደግሞ እንደ ጿሚ ፊቴን ኮስተር አደርጋለሁ። ግብዝነቴን አሁን ሳስበው ይቀፈኛል።

በሁለተኛው ዓመት ጉንፋኑ መጣ። ከሩቅ ምሥራቅ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰ ነው ብሎ ሬዲዮ ማውራቱን ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ነገረን። ነግሮን ሲያበቃ አስነጠሰው። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሌ ባዶውን ቀረ። የሚያስል ሰው የሌለበት ቤት አልነበረም፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት መሞት ጀመሩ። እኔ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ግድግዳ ታክኬ እሄድ ነበር። ሰዉ «የጎንደር ልጅ ሞት ይፈራል» እያለ ሲሥቅብኝ እሰማለሁ።

ያገሩ ሰው ለእንዲህ ያለ ጊዜ የቆየ ልማድ አለው። አስታማሚ ያለው በቤቱ ይታመማል፤ ብቸኛ የሆነ ግን ከመንደሩ በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ ይገባል፤ መንገዱም በእሾህ ይታጠራል። እሾሁን የሚጠብቅ ሰው ይቆማል። ምግብ በረጅም እንጨት ጫፍ ተንጠልጥሎ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ያለፈ ሰው ሰባት ቀን ሳይሞላው አይመለስም። መምሬ ውብነህ ሚስታቸው የሞተችባቸው አዛውንት ነበሩና፣ በሽተኛ ሲያናዝዙ ሰንብተው ሳል ሲጀምራቸው ማንም ሳያዛቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወደዚያ ወጡ።

እነሆ ወደ ቀኑ ደረስሁ።

ማለዳ ተነሣሁ፤ መርፌዬን አፈላሁ፤ ወጋሁ። ከግድግዳው ወዲያ ትንሿ ሙሉ ስታስል አድራለች፤ እናቷ «አይዞሽ የኔ እናት» ስትላት ይሰማኛል። በሶዬን ልበጠብጥ ቅሉን ሳነሣ ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ቶሎ ተሳልሜ ልመለስ ብዬ ቅሉን አስቀምጬ ወጣሁ። የቀኑ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ በሶዬን በልቼ ብወጣ ኖሮ የምነግራችሁ ነገር ባልኖረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ መቆም የሚችል ሰው ሁሉ ነበር። ወጣቱ ቄስ ሞላ ከድንጋይ ላይ ቆመው ተናገሩ።

«መምሬ ከእሾሁ ወዲያ ሆነው ቃል ልከዋል። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን ምህላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ እህል ውሃ እንዳይቀምስ ገዝተዋል!»

ሰዉ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። እኔም ብዬዋለሁ። አፌ ከልማዱ የተነሣ ቀድሞኝ ነው እንጂ፣ ጠዋት መወጋቴ ወዲያው ትዝ አለኝ።

ግዝት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። የራሴን ጾም ስሽር ጉዳቱ በራሴ ላይ ነው። ግዝት ግን የካህን እስር ነው፤ ያገር ሰው በአንድነት የታሰረበትን ገመድ አንድ ሰው ቢቆርጠው የሁሉም ጸሎት ይፈርሳል ብለን እናምናለን። እኔም አምን ነበር። አጠገቤ እትዬ ደስታ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ ትለምናለች። እኔ ኪሴ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ ስኳሮች አሉኝ። አንዷን ብቆረጥም ሙሉ ትሞታለች፤ ባልቆረጥም እኔ እሞታለሁ። ነገሩ ለኔ እንዲህ ነበር የታየኝ።

ሰዉ ሲንበረከክ ፈንጠር ብለው ወደቆሙት ቄስ ሞላ ተጠጋሁ።

«አባ፣ የታመመ ሰውስ? እሱም ይጹም?»

«የታመመማ ይበልጥ ይጹም እንጂ» አሉኝ። «የምንጮኸው ለእሱ አይደል? ቤት ለቤት አስነግሬአለሁ። ሕፃናቱም ይችሉታል፣ ነነዌ እኮ ሕፃናቱ ጾመው ነው የዳነችው።»

«እርስዎ መፍታት አይችሉም?»

«የመምሬን ግዝት? እሳቸው በሕይወት እያሉ? እኔ ማን ነኝና!» ብለው ደነገጡ።

እግዚኦታው ተጀመረ። አርባ አንድ ጊዜ እንላለን፤ ከዚያ እንደገና። መጀመሪያ ላይ ቆጥሬ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ከንፈሬ ደነዘዘ። ሦስተኛው ላይ የላቤ ጠብታ ከአፍንጫዬ ጫፍ መሬት ላይ ሲያርፍ አየሁና ዝናብ ጀመረ አልሁ። ሃያ ሰባት ስል ዐሥራ ሁለት ይሆንብኛል። የሰዉ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ከሌላ ሸንተረር ላይ የሚሰማ ሆነ። ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ስኳሩን ያሻሉ። ከእጄ ጋር ትግል ገጥሜ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ያሰረው ይፍታኝ። ተነሣሁና በምዕራቡ በር ወጣሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

መንገዱን በጤናዬ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያን ቀን ግን ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ውጦታል። እግሬ የራሴ አልመስል አለኝ። ከፍ ሳደርገው በጣም ከፍ ይላል፤ ሳሳርፈው መሬቱ ይዘገይብኛል። ደስ ይላል፤ እውነቴን ነው፣ መሞቴን እያወቅሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግራና ቀኝ ጅባራዎቹ፣ እነዚያ የውርጭ አገር ተክሎች፣ ረጃጅም ሆነው ቆመዋል። ካህናት መሰሉኝና እየዞርሁ እጅ ነሣኋቸው። ከነሱ ሥር የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። አንዱ ትልቅ ጭላዳ ጎፈሩን ነስንሶ ቀና ብሎ አየኝ።

«ድጓህን ረሳኸው?» አለኝ በአባቴ ድምፅ።

«አልረሳሁም አባዬ።»

«እስቲ በል።»

ጀመርሁ። ልጅ ሆኜ ምላሴ የማይዞርልኝ የነበረው ዜማ ያን ቀን እንደ ውሃ ፈሰሰ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ዘምሬ አላውቅም። ጭላዳው ጥቂት ሰምቶኝ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ ገደሉ ወረደ። አለቀስሁ። አባቴ እንዳልወደደልኝ ነው የገባኝ። ተቀመጥሁ። ጉሙ ለስላሳ ነበር፤ ሣሩም ለስላሳ ነበር፤ ጋደም ብል ሁሉም ነገር ሸጋ እንደሚሆን አወቅሁ። ከሩቅ «እግዚኦ» የሚለው ድምፅ ሲመጣ የእትዬ ደስታ ግንባር ትዝ አለኝ። በአራት እግሬ ተነሣሁ፤ ለጥቂት ጊዜም በአራት እግሬ ሄድሁ።

«ማነህ? ቁም!»

እሾሁ ዘንድ ደርሻለሁ። ጠባቂው አያ ቸኮል በትሩን ይዞ ከፊቴ ቆሟል።

«እኔ ነኝ፣ አያ ቸኮል። አስተማሪው።»

«ምነው አስተማሪ? ምህላውን ጥለህ ወዴት ነህ?»

«መምሬ ዘንድ።» ምላሴ ተሳሰረ። ሣቄም መጣ፤ የማይገታ ሣቅ።

አያ ቸኮል ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። እየተወዛወዝሁ፣ በላብ ርሼ፣ እየሣቅሁ ነው። «ጠጥተህ ነው! በምህላ ቀን! ወይ ስምንተኛው ሺህ፣ አስተማሪም እንዲህ ከሆነ ልጆቻችን አለቀላቸው!» ብሎ በትሩን አነሣ።

«አልጠጣሁም። ግዝት ላስፈታ ነው።»

«የሰካራም ግዝት!»

እጄን ወደ በትሩ ዘረጋሁ። እንዳልመታ ልከላከል ይመስለኛል። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየውና በትሩን ዝቅ አደረገ። ድምፁ ተለወጠ።

«ታመህ ነው እንዴ ልጄ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ የማስጠይቅ አልነበርሁማ።

«አዎ» አልሁት። «ታምሜአለሁ።»

ጉንፋኑ የያዘኝ መስሎት ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያም በመንሽ እሾሁን ወደ ጎን ሳበልኝ። «በል እለፍ። ግን ካለፍህ ሰባት ቀን መውጣት የለም፣ ሰማኸኝ?» አለ። ሰምቼዋለሁ። ሲስተሯም «ከሚያስል ሰው ራቅ» ያለችኝ በዚያው ቅጽበት ይሰማኝ ነበር። አለፍሁ።

መምሬ ውብነህ ከጎጆዋ በር ላይ ለምድ ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከሳቸው በቀር በዚያ ሳምንት ጎጆዎቹ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሲያስሉ መላ ሰውነታቸው ይታጠፋል።

«ማነው?»

«አዲሱ ነኝ አባቴ። ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ምነው መጣህ? እዚህ ሞት ነው ያለ።»

«የምህላውን ግዝት ይፍቱኝ። እህል ልቅመስ።»

«ራበህ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማዘን ግን ነበረበት።

«አልራበኝም። መርፌ ወግቼ ነው።» እንዴት አድርጌ እንደነገርኋቸው አላውቅም። ጫፉን ከመካከሉ፣ መካከሉን ከመጀመሪያው እያምታታሁ ስለ ውሃ ጥሙ፣ ስለ ሲስተሯ፣ ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ጭላዳውም ሳይቀር አወራሁ። ኪሴ ውስጥ ስኳር እንዳለ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኪስህ ውስጥ? ኪስህ ውስጥ ይዘህ ነው ያን ሁሉ ዳገት የወጣህ?»

«ግዝት ነዋ፣ አባቴ።»

«አውጣው።»

ወረቀቱን ስፈታ ስኳሩ ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ ተበተነ። ጎንበስ ስል በግንባሬ ተደፋሁ። ከዚያ የማስታውሰው የመምሬን እጅ ብቻ ነው። እንደ እሳት የምትጋል፣ ደረቅ እጅ ከንፈሬን ከፍታ ስኳሩን ከነአፈሩ አፌ ውስጥ ስታስገባ። አንድ። ሌላም። በየመካከሉ ዞር ብለው ያስላሉ።

«ማነው የፈታኝ?» አልሁ በሰመመን።

«እኔ ፈትቼሃለሁ። ዋጥ።»

ዓለም ተመልሳ የምትመጣው ቀስ እያለች ነው። መጀመሪያ ብርዱ መጣ፤ ከዚያ የእሳቸው ፊት፣ ከዚያ ማፈሬ። ማር የተበጠበጠበት በሶ በቅል ሰጥተውኝ ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁ።

«ሁለት ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «የጎረቤት ሴት በምኞት ዓይን ማየትህን ነግረኸኛል። በተማሪነትህ ዶሮ መስረቅህን ነግረኸኛል፤ ዶሮዋ ነጭ እንደነበረች እንኳ አውቃለሁ። ይኼን ግን ደበቅኸኝ።»

«አፈርሁ አባቴ።»

«ከኔ?»

ባዶውን ቅል መሬት አስቀመጥሁ። እሳቸውም ቀጠሉ። «ልጄ፣ ግዝቱን የጣልሁት በጤነኛ ላይ ነው። ድውይ ጾም የለበትም፤ ቀኖናው ይኼ ነው። ያልተናገርሁት ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ ነው።»

«አያውቁም። ቄስ ሞላ የታመመ ይበልጥ ይጹም፣ ሕፃናቱም ይጹሙ ብለው ቤት ለቤት አስነግረዋል።»

መምሬ ሊነሡ ሞከሩ፤ ሳሉ መልሶ አስቀመጣቸው። የአንድ ካህን ፊት እንዲያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። «በዚያ ትኩሳት ላይ? ውሃም ሳይቀምሱ? ወየው፣ መንጋዬን በገዛ ቃሌ ላርደው ነው!» ብለው የእጅ መስቀላቸውን ሰጡኝ። «ሂድ ንገር። ምህላው በቀትር በእሾሁ ሥር ይዞራል። ድውይ ሁሉ ተፈትቷል በል።»

ብድግ ስል ነው ዙሪያዬን ያየሁት። በበሩ ግራና ቀኝ ሰዉ በእንጨት ጫፍ የላከላቸው ቅሎች ተደርድረዋል፤ በሶ፣ ማር፣ አጥሚት። እኔ ከጠጣሁት በቀር አንዱም አልተነካም።

«እርስዎስ አባቴ? አልበሉም?»

«ከትናንት ወዲያ ነው የጀመርሁ። ሕዝቡን ከማዘዜ በፊት ራሴን አሰርሁ።»

«ድውይ ጾም የለበትም አላሉኝም?»

ፈገግ አሉ። «ካህን ሌላውን ይፈታል እንጂ ራሱን አይፈታም። አንተ ደግሞ አስተማሪ ነህ እንጂ ካህን አይደለህም። ሂድ፣ ሰዉ እንዳያልፍህ።»

ወረድሁ። ሰዉ እየመጣ ነበር፤ በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ የመስቀሉ ጫፍ፣ ከዚያ ነጫጭ ልብሱ ታየ። ከእሾሁ በላይ፣ በጎጆዎቹ በኩል ሆኜ መስቀሉን ከፍ አደረግሁ።

«አስተማሪ!» አሉ ቄስ ሞላ። «አንተ እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«መምሬ ልከውኝ ነው። ግዝቱ ለድውይ ሁሉ ተፈትቷል። የታመመ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ሕፃናትም።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ «ለራሱ ርቦት ነው» ሲል ሰማሁት። አያ ቸኮልም «ሲገባ ሰክሮ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ» አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ያየውን ነው የተናገረ። ቄስ ሞላ ግራ ተጋብተው ቆሙ። «ምን ልትሠራ ሄድህ? ምህላውን ጥለህ መምሬን ምን ልትጠይቅ ሄድህ? እሱን ንገረን።»

ከሰዉ መካከል ለቀብር መጥተው ያደሩ የመካነ ብርሃን ሰዎች ነበሩ፤ የእጮኛዬን አጎት ለይቼ አየሁት። ሰበብ አላጣሁም ነበር። አማላጅ ሆኜ ሄድሁ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ሐሰት ብናገር ማን ያምነኛል? ካላመኑኝ ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አታገኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መደበቅ ታከተኝ።

«እኔ ድውይ ነኝ» አልሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «የስኳር በሽታ አለብኝ። በየማለዳው መርፌ እወጋለሁ፤ ወግቼ ካልበላሁ እሞታለሁ። ዛሬ ወግቼ ነው የመጣሁት። ግዝቱን አልሽርም ብዬ ልሞት ነበር። መምሬ በእጃቸው አጎረሱኝ። በጾም ቀንም ሁሉ ተደብቄ እበላ ነበር። ስካሩም ይኼው ነው።»

ከዚያ እትዬ ደስታ ሰዉን ገፍታ እስከ እሾሁ ድረስ መጣች።

«ልጄን ውሃ ላጠጣት ነው የምትለኝ?»

«አጠጫት። አሁኑኑ።»

የቄስ ሞላን ፊት እንኳ አላየችም። ሮጠች። ነጠላዋ ጅባራ ላይ ተይዞ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። እሷን አይተው አንድ ሽማግሌ ተከተሏት፤ ከዚያ ሌሎች፤ ሁሉም ቤቱ ወዳስተኛው ሰው።

ቄስ ሞላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀሩ። ያጠፉትን ያወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አባ፣ አንድ ሰው ሳይፈታ ቀርቷል» አልሁ። «መምሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው እህል ሳይቀምሱ። ራሳቸውን መፍታት አይችሉም።»

«እኔ አባቴን ልፍታ? ውዳሴ ማርያም ያስቆጠሩኝን?»

«ሌላ ካህን የለም።»

ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። መስቀላቸውን ወደ ጉሙ ዘርግተው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። «መምሬ ውብነህ ሆይ! እግዚአብሔር ይፍታ!» ከሸንተረሩ የመጣው የገደሉ ማሚቶ ብቻ ነበር። ደገሙት። በሦስተኛው ከላይ ቀጭን ድምፅ «አሜን» አለ።

ሮጬ ወጣሁ። ማንኪያ ስላልነበረን ቅሉን ከንፈራቸው ላይ ያዝሁላቸው። የዋጡት ሲወርድ በአንገታቸው ላይ ይታየኝ ነበር። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያን ያህል ሰው ሲበላ ለማየት የጓጓሁበት ቀን አልነበረም።

ሰባቱን ቀን አብሬአቸው ታጠርሁ። አያ ቸኮል ቦርሳዬን ከቤቴ አምጥቶ በእንጨት ጫፍ አሳለፈልኝ። በአራተኛው ቀን ጉንፋኑ ያዘኝ፤ ውሃ ጥሙም ተመልሶ ስኳሬ ከልክ ማለፉን ነገረኝ። ሲስተሯ በጻፈችልኝ ወረቀት መሠረት መድኃኒቴን እየጨመርሁ፣ ውሃ እየጠጣሁ ተዋጋሁት። ትኩሳቱ ሲያቃጥለኝ መርፌውን የሚያፈሉልኝ መምሬ ነበሩ፤ መስተዋቱን ወደ ብርሃን እያነሡ አረፋ እንዳይኖርበት ያዩልኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ደክሞ ስለነበር አረፋውን የማየው እኔው ነኝ። ዳንን፤ ሁለታችንም ዳንን። ሙሉም ዳነች። በመንደሩ ያልዳኑም ነበሩ፤ የቀብር ደወል ሲደወል ከላይ ሆነን በጣታችን አንቈጥርም ነበር፤ መምሬ መስቀላቸውን ወደ መንደሩ ያነሡ ነበር።

ይህ ነገር ምን ለወጠብኝ? እጮኛዬን አሳጣኝ። ከእሾሁ ከወጣሁ ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ መጥቶ «ነገሩ ይቅር» አለ። አልዋሻችሁም፣ አመመኝ፤ ልጅቱን እወዳት ነበር። ሌላ ያጣሁት ነገር ግን የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሬን ዘግቼ በልቼ አላውቅም። እናንተም መድኃኒታችሁን ከትራስ ሥር የምትደብቁ፣ ቤተ ዘመድ ምን ይለኛል የምትሉ ካላችሁ፣ የምመክራችሁ ጀግና ሁኑ ብዬ አይደለም፤ እኔም ጀግና ሆኜ አልነበረም። ብቻ አንድ ሰው ይወቅላችሁ። አንድ ሰው ቢያውቅልኝ ኖሮ ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ያለውን ስኳር ለመብላት ተራራ ባልወጣሁ።

መምሬ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። በጾም ቀን ሁሉ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ፣ ቅጥር ግቢ ሙሉ ሰው ባለበት ዞር ብለው «አስተማሪ! በልተሃል?» ይሉኛል። እኔም ጮክ ብዬ «በልቻለሁ አባቴ» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። በኋላ ሰዉም ለመደው፤ ካልበላሁ የሚቆጣኝ በዛ።

የተቀበሩት በዐቢይ ጾም ነው። ሬሳቸው በቅጥር ግቢው ሲዞር እስከ መጨረሻው አላለቀስሁም ነበር። ካህናቱ ሊገቡ ሲሉ፣ ሁልጊዜ ዞር የሚሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ቆም ብዬ ጠበቅሁ። ማንም ዞር አላለም። ያን ጊዜ «በልቻለሁ አባቴ» ብዬ ጮኽሁና አለቀስሁ።